ራስጌው በፀሐዩ ፀ፣ ግርጌው በጸሎቱ ጸ

ለእጅ ሙያ ድርጅቶች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከወንበር ለመነሣት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ወገብዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ የሰውን ወገብ ምን እንደሚያደርገው በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በዚህ በአንዱ ጉዳይ እንኳ እንደ ሥራ ባልደረባ እንተሳሰብ ብዬ ነው። የቢሮዎ ስልክም ደህና እንደሆነች ተስፋ አደርጋለሁ፤ አራት ወር ሙሉ ደውዬ ድምፅዋን ስላልሰማሁ፣ ታማ ተኝታ እንዳይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ቤቱ መካከል፣ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ በቀር ጎን ለጎን በማያልፉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አርባ ሦስት ዓመት መነጽር ስሠራ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ። የልጅ ልጄ ደግሞ ባለሙያ ናት። ልዩነቱ ይግባዎትና፣ እኔ ሥራውን የለመድኩት ነኝ፣ እሷ ግን የተማረችው ናት፤ የእሷ የምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የማውቀው ኮቴን ብቻ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሌንሱን የምትሞርደው፣ ፍሬሙን የምታቀናው፣ የደንበኛውን አፍንጫ የምትለካው እሷ ናት። የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሞርጄ ያወጣሁት የመጨረሻው ሌንስ ለየትኛውም ፍሬም አልገባ ብሎ፣ እስከ ዛሬ የወረቀት መጫኛ ሆኖ በትጋት ያገለግለናል።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ በስሜ ነው። በመመሪያችሁ ደግሞ ፈቃዱ በስሙ የወጣለት ሰው በሥራ ሰዓት በቦታው ካልተገኘ ድርጅቱ ይታሸጋል። ስለዚህ የእኔ ሥራ መገኘት ሆኗል። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እገኛለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከምሳ ሰዓት በስተቀር፣ ከበሩ ትይዩ ባለችው ወንበር ላይ እገኛለሁ። ተቆጣጣሪያችሁ፣ እኔ "ብቅ ብቅ" ብዬ ስም ያወጣሁለት መልካም ወጣት፣ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን ብቻ ያስገባና "አባባ፣ አሉ?" ይላል። "አለሁ፤ የት አባቴ እሄዳለሁ!" እለዋለሁ። መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ሳለሁ ደርሶ፣ የልጅ ልጄ በሩን እየደበደበች "አባዬ፣ በናትህ ድምፅህን አሰማ!" ስትለኝ፣ ከዚያው ከተቀመጥኩበት "አቤት!" ብዬ መመሪያውን አክብሬአለሁ። ብቅ ብቅም ደግ ልጅ ነውና "ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ከእኔ ስም ወደ ልጅ ልጄ ስም ይዙርልኝ። እሷም በስሟ ትሥራ፣ እኔም ልነሣ። ተነሥተህ የት ልትሄድ ቢሉኝ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ነው። እትዬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያለችው በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል በሚያስኬድ ከተማ ነው፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ መንገድ አትችልም። ዓይኗም እየደከመ ነው። ሐኪሟ የቀራት ብርሃን ቢቆይላት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው ብሏታል። ለዚያ ለቀራት ብርሃን የሚሆን ወፍራም መነጽር የልጅ ልጄ ሠርታላት፣ ካለቀ አራት ወር ሆኖት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በፖስታ ላከው እንዳይሉኝ፤ እንዲህ ያለ ከባድ መነጽር፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንጉ በባለቤቱ ጆሮ ልክ እየሞቀ ካልታጠፈ በስተቀር፣ በደቂቃ ተንሸራቶ ከንፈር ላይ ይደርሳል። ለማጠፍ እጄ ገና አልከዳኝም። የእትዬን ጆሮ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እየጎተትኩት ነው ያደግሁት።

ነገሩ ይህን ያህል ነው። ይህን ያህል የነበረውን ነገር ምን ያህል እንዳደረጋችሁት ግን ከወንበርዎ ሆነው ላይታይዎት ስለሚችል፣ ከትሕትና ጋር በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ማመልከቻ የሚቀርበው በኢሜይል ብቻ መሆኑን፣ ኢሜይሉም በማኅደራችሁ ከተመዘገበው የድርጅቱ የደብዳቤ ወረቀት ጋር በራስጌም በግርጌም መመሳሰል እንዳለበት፣ ካልተመሳሰለ ግን "እንዳልደረሰ እንደሚቆጠር" የሚገልጸው መመሪያችሁ ደርሶኛል። ራስጌና ግርጌ የሚሉትን ቃላት ባነበብኩ ጊዜ አልጋዬን ልትመዘግቡ የመጣችሁ መስሎኝ ክፉኛ ደንግጬ ነበር። የልጅ ልጄ ስቃ ስታበቃ፣ "የአልጋ አይደለም አባዬ፣ የወረቀት ነው፤ ከላይ ያለው ራስጌ፣ ከታች ያለው ግርጌ" ብላ አስረዳችኝ። ወረቀትም ራስጌና ግርጌ ካለው ይተኛል ማለት ነው። እናንተ ዘንድ የገባ ማመልከቻ ሁሉ ምን ሲያደርግ እንደሚቆይ ያኔ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ እኔ የድሮውን ወረቀት ይዤ፣ ለኢሜይላችን ልብስ ስንሰፋለት ዋልን። በወረቀቱ ራስጌ ላይ ሁለት ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው "ብሩህ ዓይን" የሚለው የድርጅቱ ስም መነጽር ከሚለው ሙያው ጋር በትልቁ ተጽፏል፤ ከጎኑ እኔ በጎልማሳነቴ የሣልኳት የመነጽር ሥዕል አለች። ግርጌው ላይ ያው ስም በትንሹ ተደግሞ አድራሻው ይከተላል። ሥዕሏ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የግራ ዓይኗ ከቀኟ ትሰፋለች። "አባዬ፣ እኩል ላድርጋቸው እንዴ?" አለችኝ። "ተይው፤ ተመሳሰሉ እንጂ አምራችሁ ኑ አልተባልንም" አልኳት። የተማረች ልጅ የአያቷን ስህተት በሚሊሜትር እየለካች ስትቀዳ መዋሏን ሳይ፣ መመሪያችሁ ትውልድን ከትውልድ የሚያስተሳስር መሆኑን ተረድቼ አመስግኛችኋለሁ።

ሁለተኛ። መልሳችሁ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። "ቀለሙ አይመሳሰልም።" ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማለትም በሕግ ነጻ በሆንኩባት በዚያች አንዲት ሰዓት፣ ከዘራዬን ይዤ እየተንደረደርኩ ቢሮአችሁ መጣሁ። ሁሉም መስኮት ለምሳ ተዘግቶ ነበር፤ ምሳዋን እዚያው መስኮቱ ሥር የምትበላው የመስኮት ሦስቷ ልጅ ብቻ ነበረች። ማኅደሬን አውጥታ አሳየችኝ። በማኅደሩ ያለው ወረቀት የእኔ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ ግራጫ ናቸው። "ልጄ፣ ይህ እኮ አረንጓዴ ነበር" አልኳት። "አባባ፣ እኛ ጋ የተመዘገበው ግራጫ ነው" አለችኝ፣ ጉንጯ እንደሞላ። ተመልሼ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። አረንጓዴውን ግራጫ አደረገችው። ቢሮአችሁ የሰውን ፀጉር ብቻ ሳይሆን የሰውን ወረቀትም ያሸብታል ብዬ ለጎረቤቴ ለቁልፍ ቀራጩ ነግሬዋለሁ።

ሦስተኛ። የሚቀጥለው መልስ "በራስጌው ቀኝ ጥግ ያሉት ሁለት ነጥቦች ጎድለዋል" የሚል ነበር። በድርጅቴ አርባ ሦስት ዓመት ታሪክ ውስጥ ሁለት ነጥብ የሚባል አርማ ስላልነበረን፣ እንደገና በምሳ ሰዓት ሄጄ አየሁ። ስቴፕለር ነው፣ ክቡር ሆይ። ፎቶ ኮፒውን ከሌላ ወረቀት ጋር ያያዘው ሽቦ የበሳቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የልጅ ልጄ ሁለት ነጥብ ጨመረች። ጨምራም ስታበቃ "አባዬ፣ ቀጥሎ የሻይ ጠብታ ቢጠይቁንስ?" አለች። "ማር እንጨምርበት ወይስ ስኳር ብለሽ ጠይቂያቸው" ብያት ሳቅን። ያን ቀን ገና እንስቅ ነበር።

አራተኛ። ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ፤ በዚህኛው ላይ ትንሽ ብረዝም ይታገሱኝ፣ ጊዜ እንደሆነ ሰጥታችሁኛል።

መነጽር የሚለው ቃል በጸሎቱ ጸ እንደሚጻፍ ያስተማረችኝ እትዬ ናት። ወረቀቱን ያተምንበት ጊዜ ግን ፊደል ከእርሳስ ብረት ተቀርጾ፣ በሳጥን ተደርድሮ፣ በጣት እየተለቀመ የሚታተምበት ዘመን ነበር። ፊደል ለቃሚው የልብ ወዳጄ ነበር። በዚያ ሳምንት ማተሚያ ቤቱ አንድ ትልቅ የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ነበርና፣ ትልልቁ ጸሎቱ ጸ ከነዘሩ ወደ ጸሎት ሄዶ በሳጥኑ ውስጥ አንድም አልተረፈም። ወዳጄ ሳጥኑን አራግፎ አየና "ፀሐዩን ፀ ላስገባልህ፤ ማን ያየዋል?" አለኝ። "ሰው ያነበዋል እንጂ!" ብለው፣ "የመነጽር ቤት ወረቀት አይደል እንዴ? የሚደርሳቸው የማያዩ ናቸው" አለና አስገባው። ግርጌው ላይ ላለው ለትንሹ ጽሑፍ ግን ትንንሹ ጸሎቱ ጸ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ በወረቀቴ ራስጌ "መነፅር"፣ በግርጌው "መነጽር" ተብሎ ታተመ። አርባ ሦስት ዓመት ማንም አላየውም። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ሊያሠራ መጥቶ ስለ ፊደል ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዓይኑ ከበራለት በኋላም የሚያየው ሌላ ብዙ ነገር ነበረው።

እናንተ ግን አያችሁት። ክብር ለሚገባው ክብር እንስጥና፣ በአርባ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። "የድርጅቱ ስም በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል፤ አንድ ይደረግ" አላችሁ። ራስጌውን እንደ ግርጌው በጸሎቱ ጸ አድርገን ላክን። "ከተመዘገበው ራስጌ ጋር አይመሳሰልም" ብላችሁ መለሳችሁ። እንግዲያው ብለን ግርጌውን እንደ ራስጌው በፀሐዩ ፀ አድርገን ላክን። "ከተመዘገበው ግርጌ ጋር አይመሳሰልም" ብላችሁ መለሳችሁ። ሁለቱንም እንደተመዘገቡት ትተን ላክን። "የድርጅቱ ስም በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፏል።" ሦስቱም ደብዳቤ እንዳልደረሰ ተቆጠረ። ያልደረሰ ደብዳቤ ውስጥ ያለችን አንዲት ፊደል ለቅሞ ማውጣት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ አስቤ፣ በእውነት አዘንኩላችሁ።

የመስኮት ሦስቷ ልጅ "አባባ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው" ትለኛለች። ሲስተም የሚባሉትን ሰውዬ እስካሁን በአካል አላገኘኋቸውም። አንዳንድ ቀን ስመጣ "ዛሬ ሲስተም የለም" እባላለሁ፤ ሲኖሩ አይቀበሉኝም፣ ሳይኖሩ የሚተካቸው የለም። ፈቃዱ በስማቸው ከሆነ በሥራ ሰዓት በቦታቸው መገኘት አለባቸው ብላችሁ ብቅ ብቅን ብትልኩባቸው ምን ይመስልዎታል?

አምስተኛ። እንግዲያው ስህተቱን ከሥሩ እናርመው፣ የተመዘገበውን ወረቀት እንቀይረው አልኩ። ይቻላል ተባልኩ። የደብዳቤ ወረቀት ለማስቀየር የሚቀርበው ማመልከቻ ግን በኢሜይል ሆኖ፣ ኢሜይሉም ከተመዘገበው የደብዳቤ ወረቀት ጋር በራስጌም በግርጌም መመሳሰል አለበት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ ያስቀመጥኳት እንዲያርፉባት ነው። እኔ እያረፍኩባት ሁለተኛ ወር ይዣለሁ።

ስድስተኛ። ፈቃዱ ይቆይ፣ ደርሼ እስክመጣ ሱቁን ለአምስት ቀን ልዝጋ ብዬም ጠይቄ ነበር። ሳያስፈቅድ ከሁለት የሥራ ቀን በላይ የተዘጋ ድርጅት ፈቃዱን እንደተወ ይቆጠራልና። ጥያቄው በምን መልክ መቅረብ እንዳለበት ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ሰባተኛ። ይህኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፤ የምስራች ነው። ባለፈው ወር የመስኮት ሦስቷ ልጅ ግራና ቀኝ አየችና፣ ሹካዋን አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ባለፈቃዱ በሕይወት ከሌለ ግን በጣም ይቀላል" አለችኝ። "እንዴት ይቀላል?" "ወራሽ የሞት ማስረጃ ይዞ ከመጣ ራስጌም ግርጌም አይጠየቅም። በአንድ ቀን ያልቃል።" "በአንድ ቀን?" አልኳት። "ጠዋት ከመጡ" አለች። ማን ነው ጠዋት የሚመጣው ብዬ እንዳልጠይቃት አሳዘነችኝ፤ ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። በአራት ወር ውስጥ ከቢሮአችሁ የሰማሁት እውነተኛ ምክርም ያ ብቻ ነው። በፋይሌ ውስጥ የጎደለ ነገር ስፈልግ ኖሬ፣ ለካስ ምንም የጎደለ የለም፤ አንድ ትርፍ ነገር ነው ያለው፣ እሱም እኔ ነኝ።

ስምንተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር። የራሳችሁ ቢሮ ስም በሕንጻው በር ላይ "ጽሕፈት ቤት"፣ በማኅተሙ ላይ "ጽህፈት ቤት"፣ በምትልኩልኝ ኢሜይል ላይ ደግሞ "ፅህፈት ቤት" ተብሎ መጻፉን ማንሣት ግን ካደግሁበት ጨዋነት ጋር አይሄድምና አላነሣሁም።

ምስጋናም አለኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታ ብቻ የማወራ አድርገው አይዩኝ። አርባ ሦስት ዓመት ሰው እንዲያይ ሳደርግ ስኖር፣ አይቶ እንዳላየ መሆንም ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ፣ መሣሪያና ሠራተኛ እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር፤ አሳውቃችሁኛል። ከክፍሌ ጣሪያ ላይ ስንት ስንጥቅ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ አሥራ ሰባት ነው። የልጅ ልጄ ሲከፋት አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እንደምታሽ አላስተዋልኩም ነበር፤ አሁን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታሽ እነግርዎታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት የተማረችውን ሥራ አንድ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ከጎኗ ካልተቀመጠ መሥራት አትችልም። ደንበኛ ገብቶ እሷን አልፎ "ባለሙያው እርስዎ ነዎት?" ሲለኝ፣ "እኔ ፈቃዱ ነኝ፤ ባለሙያዋ እዚያ ናት" እለዋለሁ። ይስቃል። እሷም ትስቅ ነበር፤ አሁን አሁን ግን ፈገግ ብቻ ብላ ወደ ሞረዷ ትዞራለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ብሆንም፣ ወንበሩ ያሰረው ሁለታችንን ነው።

እትዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ትደውላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩን በዝርዝር እነግራት ነበር፤ ስለ ግራጫው፣ ስለ ስቴፕለሩ፣ ስለ ሁለቱ ፀዎች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ስለሆነች ያስቃታል ብዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አቋረጠችኝ። "አንተ ትንሹ፣ እኔ ልይህ እልሃለሁ፣ አንተ የቢሮ ወሬ ትደረድርልኛለህ" አለች። መነጽሩ አልቋል፣ ይዤው እመጣለሁ አልኳት። "መነጽሩ ይቅር። ፊትህን ይዘህልኝ ና። መስኮቱ የት እንደሆነ እንኳ በሙቀቱ ነው የማውቀው አሁን።" ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ትንሹ የሚለኝ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው እያየኝ ሳይሆን እያስታወሰኝ ሊጠራኝ ነው።

የልጅ ልጄ በማዶ ሆና ሰምታ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ቲኬት አምጥታ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የሐሙስ ነው። ሱቁን ያሸጉታል አልኳት። "ያሽጉት፤ እጄን አያሽጉትም" አለች። ሥራሽስ ብላት፣ "አባዬ፣ አንተ ሂድ በቃ፣ አታድርቀኝ" ብላ አፍንጫዋን አሸች። አራት ወር ሙሉ ትክክለኛውን ፀ ፍለጋ ስትደክም ያልጨከነች ልጅ ለእኔ ስትል የራሷን እንጀራ ልትቆርጥ ስትጨክን አየሁ። ይህን ስጽፍልዎ ቲኬቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብሄድ የእሷን ሥራ እዘጋለሁ፣ ብቀር የእትዬ ዓይን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው።

ስለዚህ በድጋሚና ለመጨረሻ ጊዜ በትሕትና አመለክታለሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። እስከ ረቡዕ ማታ ፈቃዱ በልጅ ልጄ ስም ከዞረ ሱቁ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ካልዞረ ግን የሚታሸገው የእኔ ሱቅ ሳይሆን የእሷ መሆኑን አውቃችሁ አሽጉ። ብቅ ብቅ ሐሙስ መጥቶ "አባባ፣ አሉ?" ሲል መልስ የሚሰጠው አይኖርም፤ ልጁ ጥሩ ልጅ ነውና፣ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁትም ቢሮዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ጋዜጣው የራሱ ራስጌና ግርጌ ስላለው የእኔን ስለማይጠይቀኝ ነው።

ዕድሜና ጤና፣ የማያልቅ ወረቀት፣ የማይጠፋ ሲስተም፣ ወገብ የማያሳምም ወንበር ሁሌም ከእርስዎ ጋር ይሁን እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ደርሶ እንዳልደረሰ የሚቆጠር፣ ጸሐፊውም ኖሮ እንደሌለ ቢቆጠር ሥራ የሚያቀልላችሁ መሆኑን በሚገባ የተረዳሁ፣

የማከብርዎ ትርፍ ነገር፣
የ"ብሩህ ዓይን" ባለፈቃድና ተገኚ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ሦስት (ምሳዋን ከጨረሰች በኋላ)
ለብቅ ብቅ
ለአቶ ሲስተም (ካሉ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት አንድ ትሑት ሾፌር የግራ ማጠፊያው የተሰበረ የማንበቢያ መነጽር ይዞልን መጥቶ፣ "እባካችሁ ፍጠኑልኝ፣ የአለቃዬ ነው፤ ያለሱ አንዲት ፊደል አያነቡም" አለን። አለቃህ ማን ናቸው ብንለው የእርስዎን ማዕረግ ነገረን። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማመልከቻዬን ስላላነበቡት ከልቤ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ከዚያ በፊት ላሉት ወራት የተሰበረው የትኛው ማጠፊያ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። የልጅ ልጄ መነጽሩን በማግስቱ ጠግናዋለች፣ ሾፌሩ ግን ገና ሊወስደው አልመጣም፤ ፈቃድ የሌላት ሰው እንደሠራችው ካልነገርዎት በስተቀር ምንም እንከን አያገኙበትም። ሐሙስ ሱቁ ሲታሸግ አብሮ እንዳይታሸግብዎ ሰግቻለሁና፣ እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሾፌሩን ሳይልኩ ራስዎ ብቅ ይበሉ። አፍንጫዎ ላይ አስተካክላ ታስቀምጥልዎታለች። የማንበቢያ መነጽር በትክክል መቀመጡ የሚታወቀው ደግሞ አንድ ነገር ሲነበብበት ነው፤ የፈቃዱን ፋይል ለዚሁ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼልዎታለሁ። እስክሪብቶም አጠገቡ አለ።